ለወዳጅ የሚሰፋ ትራስ

ትራስ የሰው ራስ በየሌሊቱ የሚያርፍበት፣ ሕመምተኛ ጎኑን የሚደግፍበት፣ አራስ እናት ጀርባዋን የምታሳርፍበት፣ እንግዳ ሲመጣም ከኋላው እንዲደገፈው የሚቀርብለት የቤት ዕቃ ነው። ለገላ ይህን ያህል የቀረበ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የፍቅርና የመልካም ምኞት መግለጫ ሆኖ ኖሯል። ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው ባለጭብጥ ጌጠኛ ትራስን ሲሆን፣ ባለጭብጥ ጌጠኛ ትራስ ማለት ቅርጹ፣ ቀለሙና ጥልፉ በአንድ በተመረጠ ሐሳብ ዙሪያ የተያያዙለት፣ በአልጋ፣ በሶፋ ወይም በመጅሊስ ላይ ለዐይን ማረፊያ ጭምር የሚቀመጥ ትራስ ወይም መከዳ ማለት ነው።

በየገበያው በሺህ ተባዝቶ የሚሸጥ ርካሽ ትራስ ሞልቶ ሳለ ሰው ለምን መርፌ ያነሣል? መልሱ የሚገኘው በጨርቁ ታሪክ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ጨርቅ የመሥራቱን ድካም ከሰው እጅ ሲረከብ፣ እጅ ለአንድ የታወቀ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ለማዘጋጀት ጊዜ አገኘ፤ ስለዚህ የፋብሪካ ጨርቅና የእጅ ጥልፍ እንደ ባላንጣ ቢታዩም፣ ፋብሪካው ለጥልፉ መንገድ የጠረገለት መሆኑን ታሪኩ ያሳያል። ይህንም ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ የሚያስረዳ ስፍራ በአዲስ አበባ ማግኘት ያስቸግራል።

አቃቂ፣ ባቡሩና ጨርቁ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ፣ ቃሊቲን፣ አቃቂንና ቱሉ ዲምቱን የመሳሰሉ ሰፈሮችን የሚያቅፍ ክፍለ ከተማ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. (በ1909 ዓ.ም.) መዲናይቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሀዲዱ አቃቂ ደርሶ ስለነበር፣ አካባቢው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ የሚያልፍበት በር ሆነ፤ ወንዙ፣ ሜዳውና ሀዲዱ በአንድነት መገኘታቸውም ከጊዜ በኋላ ፋብሪካዎችን ሳበ። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በህንዱ የቢርላ ኩባንያ ተሳትፎ የተቋቋመውና ኋላ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመባል የታወቀው ድርጅት ነው። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ታላላቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ ወደ መንግሥት እጅ የገባ ሲሆን፣ ከድሬዳዋና በ1961 እ.ኤ.አ. ከተሠራው ከባሕር ዳር ፋብሪካ ጋር የአገሪቱን ሕዝብ ካለበሱት አንዱ ነበር።

የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ ምን እንደ ተለወጠ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ድካም ማስታወስ ያስፈልጋል። የአገር ባህል ልብስ የሚሠራበት ጥጥ በመጀመሪያ ተዳምጦ፣ ማለትም በብረት ዘንግ እየተጨፈለቀ፣ ፍሬው ይወጣለታል፤ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የተነደፈው ጥጥ ተጠቅልሎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም በእንዝርት ይፈተላል። ከዚህ በኋላ ሸማኔው ድሩን፣ ማለትም በርዝመት የሚዘረጋውን ክር፣ ወጥሮ ማጉን በአግድሙ እየወረወረ ይሸምነዋል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ማዘጋጀት አንዲት ሴት በሌላው የቤት ሥራዋ መካከል እየቆራረጠች የምትሠራው የሳምንታት ሥራ በመሆኑ፣ ያን ያህል ልፋት የጠየቀ ጨርቅ ተቆርጦ ለጌጠኛ ትራስ ይውላል ብሎ ማሰብ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነበር።

በዚያ ዘመን ራስ የሚያርፍበት ነገር እንደየአገሩ የተለያየ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝቦች ከእንጨት የተፈለፈለ ብርኩማ ይንተራሱ ነበር፤ በደጋው አገር ጀንዲ የሚባለው የለፋ የበሬ ቆዳና አጎዛ ለመኝታ ሲያገለግሉ፣ በራስጌ በኩል የታጠፈ ልብስ ወይም ገለባ የተሞላ ስልቻ ይደረግ ነበር። በሐረር ባህላዊ ቤቶች ውስጥ ግን በደረጃ በተሠሩት መደቦች ላይ ምንጣፍና መከዳ መደርደር የቤቱ ክብር መግለጫ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

የፋብሪካ ጨርቅ ይህን ሁኔታ ደረጃ በደረጃ ለወጠው። አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች ተነሥቶ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ነጋዴዎች በኩል ወደ አካባቢው ይገባ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የጥጥ ጨርቅ በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች እየተሠራ በሜትር ተለክቶ መሸጥ ጀመረ። አንሶላና የትራስ ልብስ የተራው ሠራተኛ ቤት ዕቃ ለመሆን የበቁት፣ በእነርሱም ላይ ጥልፍ ለመጥለፍ ጊዜና ጨርቅ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

መርፌው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ

ጥልፍ ማለት በተሠራ ጨርቅ ላይ በመርፌና በክር ቅርጽ ወይም ጽሑፍ ማውጣት ሲሆን፣ ሸማኔው በሽመናው ወቅት ከድሩ ጋር አያይዞ ከሚያወጣው ጥበብ ይለያል። ዛሬ ጥልፍ የሴት ሙያ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የቆየው የሥራ ክፍፍል ሌላ ነበር፤ መፍተል የሴት፣ መሸመንና መስፋት ደግሞ በአመዛኙ የወንድ ሥራ ነበር። የመኳንንትን ካባና የቤተ ክርስቲያንን አልባሳት በሐርና በወርቅ ዘቦ ያስጌጡት እጆችም በብዛት የወንድ ባለሙያዎች እጆች ነበሩ።

መርፌ የሴቶች ልጆች መደበኛ ትምህርት አካል እየሆነ የመጣው በሚስዮኖችና በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ከቀለም ትምህርቱ ጋር የእጅ ሥራን ያስተምር ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም ስፌትና ጥልፍን ለችግረኛ ሴቶች መተዳደሪያ እንዲሆኑ አድርጎ አሠልጥኗል። ኋላም ሆም ኢኮኖሚክስ በሚባለው ትምህርት፣ በቀበሌ የሴቶች ማኅበራትና በየሰፈሩ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛዎች አማካይነት ጥልፍ፣ ኪሮሽና ዳንቴል ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከእናት ወደ ልጅ ተዛመቱ። ዳንቴል የሚባለው ጫፉ ቆልመም ባለ ኪሮሽ ከክር ብቻ እየተቆለፈ የሚሠራ ቀዳዳ ቀዳዳ ጌጥ ሲሆን፣ በትራስ ልብስ ጠርዝ ዙሪያ መስፋቱ የተለመደ ነው።

ይህ ሙያ በአዲስ አበባ መተዳደሪያም ሆኗል። በ1965 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው በአለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ተሰባስበው የሚጠልፏቸው የትራስ ልብሶችና የግድግዳ ጌጦች ለብዙ ዘመን በከተማው ዝነኛ ሆነው ኖረዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሳባሃር ደግሞ በእጅ ከተፈተለ ጥጥና በአገር ውስጥ ከሚመረት ሐር የተሸመኑ የመከዳ ልብሶችን ለውጭ ገበያ ጭምር ያቀርባል። የአለርት ጠላፊዎች ልምድ የሚያስረዳው፣ ጥልፍ ጣቱ የተጎዳ ሰው እንኳ መያዣውን እንደ አቅሙ አመቻችቶ የላቀ ሥራ ሊሠራበት የሚችል፣ መሣሪያው ትንሽ፣ ቦታ የማይፈጅ ሙያ መሆኑን ነው።

በጨርቅ ላይ የሰፈረ ምኞት

ባለጭብጥ ትራስ በኢትዮጵያ ከተሞች አዲስ ነገር አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በብዙ የከተማ ቤቶች አልጋ ላይ በነጭ ቴትሮን የተሰፋ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ርግቦች ወይም የጽጌረዳ ዘለላ የተጠለፈበት፣ ከሥሩም «መልካም ሕልም» የሚል ጽሑፍ የሰፈረበት የትራስ ልብስ ማየት የተለመደ ነበር። ልጃገረዶች ይህን ለራሳቸው ጎጆ መውጫ ያዘጋጁት፣ ለምታገባ እህትና ጓደኛም ይሰጡት ነበር። ሁለቱ ርግቦች ጥንዶቹን ይወክላሉ፤ ጽሑፉም በየማታው የሚታደስ ምኞት ነው።

ተመሳሳይ ልማድ በሌላውም ዓለም ይገኛል። በቻይና ለሙሽሮች በሚሰጥ ትራስ ላይ ጥንድ ሆነው የሚዋኙ ዳክዬዎች ይጠለፋሉ፤ እነዚህ ዳክዬዎች በቻይናውያን ዘንድ የታማኝ ትዳር ምልክት ናቸው። በሰሜን ቻይና ገጠሮች ደግሞ ክፉ ነገር እንዲርቅለት በማሰብ ለሕፃን በነብር ቅርጽ የተሰፋ ትራስ ይሰጠዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የብሪታንያ ወታደሮች፣ ብዙዎቹም በሆስፒታል ሆነው ከቁስላቸው ሲያገግሙ፣ በልብ ቅርጽ የተሰፉና በዶቃ ያጌጡ ትንንሽ የመርፌ መሰኪያ ትራሶችን እየሠሩ ለእናቶቻቸውና ለሚስቶቻቸው ይልኩ ነበር። እነዚህ ምሳሌዎች በቋንቋም በሃይማኖትም ቢራራቁ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ጌጡ የሚመረጠው ከተቀባዩ ሕይወትና ሠሪው ለተቀባዩ ከሚመኘው ነገር ነው።

ጭብጡን ከተቀባዩ መውሰድ

የጭብጥ ምርጫ ከስፌቱ ይልቅ የሥራውን ዋጋ የሚወስን በመሆኑ ረዘም ያለ ሐሳብ ይገባዋል። ጀማሪ ሰፊ በአብዛኛው የሚያምረውን ሥዕል ፈልጎ ከዚያ ለማን እንደሚሰጠው ያስባል፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል። በጠዋትም በማታም ቡና አፍልታ ጎረቤት ለምትሰበስብ እናት ጀበናና ሦስት ስኒ፣ ዕድሜውን በምድር ባቡር አገልግሎ ጡረታ ለወጣ የአቃቂ ሰው የሀዲድ መስመርና ፉርጎ፣ በሽመና ወይም በመፍተያ ክፍል ለኖረች የፋብሪካ ሠራተኛ የክር ጥቅልል፣ ትምህርት ለሚጀምር ሕፃን የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ከሰባቱ እርባታው ጋር ቢጠለፍ፣ ትራሱ ሌላ ሰው ቤት ቢገባ ትርጉሙ የሚጎድል ስጦታ ይሆናል። የጭብጥ ብቃት የሚለካውም በዚህ ነው።

ከአገር ቅርስ የሚወሰድ ጌጥም ሰፊ ምንጭ ነው። ሐረግ የሚባለው በብራና መጻሕፍት ገጾች ራስጌና ዳር ላይ የሚሣል፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ የመስመር ጌጥ፣ በትራስ ዙሪያ ሲጠለፍ መካከሉን እንደ ክፈፍ ይይዘዋል። የነጠላና የቀሚስ ጥበብ ቅርጾች፣ የመሶብ ስፌት ቀለማት፣ የሐረር የግድግዳ ሰፌዶች ክብ መስመሮችም እንዲሁ ወደ ጥልፍ ሊዛወሩ ይችላሉ። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ጨርቁ ሲያልቅ ጥበቡ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ስለሚቀር፣ የአንዲት አያት ቀሚስ ጥበብ ተቆርጦ በልጅ ልጆቿ ትራሶች ላይ ቢሰፋ የቤተሰብ ማስታወሻ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። መስቀልን፣ የቅዱሳንን ሥዕል፣ የፈጣሪን ስም ወይም የቅዱስ ቁርኣንን ቃል በሚቀመጡበትና በሚተኙበት ነገር ላይ ማድረግ ብዙ አማኞችን ቅር ያሰኛል፤ ስለሆነም ሃይማኖታዊ በዓልን ለማሰብ የበዓሉን አካባቢ ምልክት፣ ለምሳሌ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባን፣ ለዒድ ጨረቃንና ፋኖስን መምረጥ የተሻለ ነው። ኀዘን ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ትራስም ቀለሙ ረጋ ያለ፣ ጥልፉ ጥቂት ቢሆን ከአገሩ ልማድ ጋር ይስማማል።

ጨርቅ፣ ክርና ሙሌት

ለትራስ ልብስ የሚመረጠው ጨርቅ መርፌን በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ሽመናው ጠበቅ ያለና የማይለጠጥ መሆን አለበት። አቡጀዲ፣ ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ፣ ካኪና በእጅ የተሸመነ ሸማ ለጥልፍ ይስማማሉ፤ ከፋይ ያምራል፣ ነገር ግን ጠጉሩ ጥልፉን ስለሚውጠው ለጀማሪ አይመከርም። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ መርካቶ ለመሄድ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ቃሊቲን ከአውቶቡስ ተራ አካባቢ ያገናኛል፤ ከዚያ በቅርብ ርቀት በሚገኙት የጨርቅ መደብሮችና በሸማ ተራ የሚፈለገው ሁሉ ይገኛል። ወጪ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ የተረፈ ቁርጥራጭ፣ ከሰልባጅ ገበያም ጨርቁ ደህና የሆነ ሸሚዝ ከነቁልፉ ያገኛል።

ማንኛውም የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት መታጠብና መተኮስ ይኖርበታል። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበት ይኮማተራልና፤ ከመቶ 4 ያህል ቢኮማተር እንኳ 48 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጨርቅ 46 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተሰፋ በኋላ ቢደርስ ትራሱ ይጨማደዳል፣ ጥልፉም ይኮማተራል። ቀለም የሚለቅ ክርን አስቀድሞ ለመለየት ክሩን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መካከል መጫን በቂ ነው፤ በተለይ ቀይና ጥቁር ክር ያለዚህ ፈተና በነጭ ጨርቅ ላይ ሊውል አይገባም።

ሙሌት በትራሱ ሆድ የሚገባው ነገር ሲሆን፣ በገበያ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ የተነደፈ ጥጥ፣ ፋይበር የሚባለው የፖሊስተር ሙሌትና የተከተፈ ስፖንጅ ናቸው። በተለመደ አየር ውስጥ ከጥጥ ክብደት ከመቶ 7 እስከ 8 ያህሉ እርጥበት ሲሆን፣ በፖሊስተር ግን ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥጥ ላብን ተቀብሎ ራስን የሚያቀዘቅዘው፣ በአንጻሩም ከጊዜ ብዛት የሚጓጉለውና በየጊዜው ፀሐይ ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ስለዚህ ለሚተኙበት ትራስ ጥጥ፣ ለሶፋ ጌጥ ፋይበር ይመረጣል።

አቆራረጡና ስፌቱ

በቤት ውስጥ ለሚሰፋ ጌጠኛ ትራስ ምቹው ልክ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ልክ የፊቱ ጨርቅ በየጎኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ተጨምሮለት 48 በ48 ሆኖ ይቆረጣል። ጀርባው ያለ ዚፕ እንዲዘጋ ከተፈለገ 48 በ33 የሆኑ ሁለት ጨርቆች ይቆረጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ረጅም ጠርዝ በ3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀመቀማል፣ ማለትም ታጥፎ በስፌት ይያዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ መካከል ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚነባበሩ ውስጠኛው ትራስ ሳይታይ በዚያ ይገባል፣ ለማጠብ ሲፈለግም በዚያው ይወጣል። ጨርቁ 1.5 ሜትር ወርድ ካለው ለሁሉም 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት መግዛት፣ የሚኮማተረው ጭምር ታስቦ፣ ይበቃል።

ጥልፉ የሚጠለፈው ትራሱ ከመገጣጠሙ በፊት፣ በፊቱ ጨርቅ ላይ ነው። ሥዕሉ በወረቀት ተነድፎ በካርቦን ወረቀት ወደ ጨርቁ ይገለበጣል፤ ጨርቁም ወጥሮ በሚይዝ ክብ እንጨት ይያዛል። የክሩ ርዝመት ከ50 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም ክር ይቋጠራል፣ በጨርቁ ውስጥ ብዙ ስለሚመላለስም ይሳሳል። የመስፊያውን ክር በሰም ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መጎተት ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ መተብተቡንም ይቀንሳል።

ጥልፉ ሲያልቅ ፊቱና ጀርባው መልካም ገጾቻቸው ወደ ውስጥ ሆነው ይነባበራሉ፤ እንዳይንሸራተቱም በመጀመሪያ ይወሰወሳሉ፣ ማለትም ኋላ በሚተረተር ሰፋ ሰፋ ያለ ጊዜያዊ ስፌት ይያዛሉ። ዋናው ስፌት ወደ ኋላ የሚመለስ ስፌት ነው፤ መርፌው ከታች ይወጣና 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፣ ከጨርቁ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ወደፊት ሄዶ እንደገና ይወጣል። እያንዳንዱ ስፌት ያለፈውን ስለሚያጠብቅ ጥንካሬው የመኪና ስፌትን ይቃረባል። አራቱ ጎኖች ተደምረው 180 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆኑ ዙሪያውን ለመጨረስ 600 ያህል ስፌት ይጠይቃል፤ ከዚያ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር ይዘመዘማል፣ ይኸውም ክሩ በጠርዙ ላይ እየተጠመጠመ ይሰፋል። ልብሱ ከመገልበጡ በፊት የአራቱ ማዕዘኖች ትርፍ ጨርቅ በሰያፍ መቆረጥ አለበት፤ ካልተቆረጠ ማዕዘኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ያብጣል።

ውስጠኛው ትራስ ከአቡጀዲ የሚሰፋ ከረጢት ሲሆን፣ ከልብሱ በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል በልጦ፣ ማለትም 48 በ48 ቢሆን ልብሱን በደንብ ይሞላዋል። ሙሌቱ ከማዕዘን ተጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይገባል፤ መዝጊያው ከመሰፋቱ በፊትም የተጠቀሙበት መርፌና ስፒል ሁሉ ተቆጥሮ መገኘቱ ይረጋገጣል።

አንድ አበባ በቅርብ ሲታይ

አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ መስኮችን የሚያለብስ ቢጫ አበባ በመሆኑ ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ከሚጠለፉት ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ አጠላለፉም ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። በጨርቁ ላይ የሳንቲም መጠን ያለው ክብ ይነደፋል፣ በመካከሉም ነጥብ ይደረጋል። ቢጫ ክር የያዘው መርፌ ከነጥቡ አጠገብ ይወጣና በወጣበት ቀዳዳ ጎን ተመልሶ ይገባል፤ ክሩ ግን እስከ መጨረሻው ሳይሳብ ቀለበት ሆኖ ይተዋል። መርፌው በክቡ ጠርዝ ላይ፣ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል፤ ክሩ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ቀለበቱ ሞላላ የአበባ ቅጠል ይሆናል፣ ጫፉም በአንዲት ትንሽ ስፌት ይታሰራል። ክሩን ከልክ በላይ መሳብ ቅጠሉን ወደ ተራ መስመር ስለሚለውጠው፣ የእጅ ልምድ የሚታየው በዚህ አሳሳብ ላይ ነው።

ስምንት ቅጠሎች በዚህ መንገድ ከተጠለፉ በኋላ መካከሉ በቋጠሮ ይሞላል። ክሩ በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጠምና መርፌው ከወጣበት አንድ ሁለት የጨርቅ ክር አልፎ ይገባል፤ በግራ እጅ ክሩ ተወጥሮ ሲያዝ ጥቅልሉ በጨርቁ ላይ ተቀምጦ ፍሬ ይመስላል። ሦስት አራት ቋጠሮ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ በሆነ ክር ቢሠራ አበባው ከጨርቁ ከፍ ብሎ ይታያል። ዘንጉ በዚያው ወደ ኋላ በሚመለስ ስፌት በአረንጓዴ ክር ይሠራል። አበቦቹ ሁሉ አንድ ልክ ከመሆን ይልቅ ገሚሱ ያበበ፣ ገሚሱ እንቡጥ ቢሆን ሜዳውን ይበልጥ ይመስላል።

ስጦታው ከተሰጠ በኋላ

ለሕፃናት የሚሰጥ ትራስ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሕፃናት ሐኪሞች አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ትራስም ሆነ ሌላ ለስላሳ ነገር እንዳይኖር ይመክራሉ፤ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላልና። ስለዚህ ለክርስትና ወይም ለአራስ ጥየቃ የሚወሰድ ባለስም ትራስ ለእናቲቱ መደገፊያ ወይም ለክፍሉ ጌጥ መሆኑ ተገልጾ መሰጠት ይኖርበታል። ለትንንሽ ልጆች በሚሰፋው ላይ ተነቅሎ ሊዋጥ የሚችል ቁልፍና ዶቃ አይደረግም፤ ዐይንና አፍንጫም በክር ይጠለፋል።

የተጠለፈ ልብስ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ በጥላ ይሰጣል፣ የሚተኮሰውም በጀርባው በኩል ነው፤ ሙሌቱ ግን ፀሐይ ይወዳል። በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ ልብሱን ብቻ አጥፎ መላክ ይቻላል፤ 45 ሳንቲ ሜትር በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጠው የ18 ኢንች ውስጠኛ ትራስ ጋር ስለሚቀራረብ ተቀባዩ ሙሌቱን በዚያው ያገኛል፣ ሻንጣውም አይከብድም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የአቃቂ ቃሊቲን ገጽታ ከለወጠ ወዲህ ሶፋና መጅሊስ የገባበት ቤት በዝቷል፤ የጌጠኛ ትራስ ፍላጎትም አብሮ አድጓል። ከዚሁ ጋር የሰርግ፣ የልደትና የምረቃ ስጦታ ወጪም እየከበደ በመሄዱ፣ ባዶ እጁን ለመሄድ አፍሮ ከዘመድ ጥሪ የሚቀር ሰው አለ። በእጅ የሚሰፋ ትራስ ለዚህ ሰው መልስ አለው፤ የሚጠይቀው ጥቂት ጨርቅ፣ ክርና የተወሰኑ ምሽቶችን ነው፤ የሚሰጠው ግን በገንዘብ የማይገኝ፣ ተቀባዩን በማወቅ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ጥልፍ በትምህርት ቤቶችና በሰፈር ማሠልጠኛዎች ለሴትም ለወንድም ልጅ ቢሰጥ ከመተዳደሪያነቱ ሌላ ማኅበራዊ ጥቅም አለው። ገቢው አነስተኛ የሆነ የፋብሪካ ሠራተኛም ሆነ ተማሪ፣ አቅም ካለው ዘመዱ እኩል ቀና ብሎ የሚያበረክተው ስጦታ ይኖረዋል።